ተማሪዎቼን በየአልጋው የምጠይቃቸው ጥያቄ



ሰኞ ጠዋት ከሕክምና ተማሪዎቼ ጋር የወላዶች ክፍል ራውንድ ላይ ነበርን። አንዷ ተማሪ የታካሚዋን ሁኔታ በሚገባ አቀረበች፦ በኦፕሬሽን ከወለደች ሁለተኛ ቀኗ ነው፤ ደም ግፊቷ፣ ሙቀቷ፣ ቁስሏ ሁሉም ደህና ነው። “ጎበዝ! ከአልጋ ወርዳ ተራምዳለች?” ስላት ግን ዝም አለች። የመለሱልን የታካሚዋ እናት ናቸው፦ “ኧረ ዶክተር፣ አራስ እኮ ናት! ምን ብላ ትነሣለች?”

ይህን ጥያቄ በየአልጋው የምጠይቀው ያለ ምክንያት አይደለም። ኢንተርን ሳለሁ፣ ከወለደች አሥር ቀን ገደማ የሆናት እናት ግራ እግሯ አብጦ መጣች። ቤተሰቧ “ብርድ ነው” ብለው በቅቤ ሲያሹላት ሰንብተዋል። እኔም ሌሊቱን ሙሉ ተረኛ ነበርኩና ደክሞኛል፤ ሁለቱን እግሮቿን እንኳ ሳላስተያይ ማስታገሻ ሰጥቼ ሸኘኋት። በሦስተኛው ቀን ትንፋሽ አጥሯት በሰው ተደግፋ ተመለሰች። እግሯ ውስጥ ከረጋው ደም ቁራጭ ተገንጥሎ የሳንባዋን የደም ሥር ዘግቶ ነበር። ፈጣሪ ይመስገን፣ ተረፈች። እኔ ግን ያንን እግር እስከ ዛሬ አልረሳሁትም፤ በየዓመቱ ለአዲስ ተማሪዎች ስህተቴን እነግራቸዋለሁ።

ደም በደም ሥር ውስጥ የሚረጋው በሦስት ምክንያቶች ነው፦ ፍሰቱ ሲዘገይ፣ የደም ሥሩ ሲጎዳ፣ ደሙ ራሱ ለመርጋት ሲፈጥን። በኦፕሬሽን የወለደች አራስ ሦስቱንም ይዛ ትተኛለች። በእርግዝና ወቅት ሰውነቷ በወሊድ ብዙ ደም እንዳይፈሳት ደሟን ቶሎ እንዲረጋ ያዘጋጀዋል፤ ከወለደች በኋላም አደጋው እስከ 6 ሳምንት ከፍ እንዳለ ይቆያል። የባታችን ጡንቻ ደግሞ ስንራመድ ደሙን ወደ ላይ የሚገፋ ፓምፕ ነው። ተኝተን ስንውል ፓምፑም አብሮን ይተኛል።

ስለዚህ እነዚህን ልብ በሉ፦

✅ አንድ እግር ብቻ ካበጠ፣ ባት ላይ ካመመ፣ ከሞቀ ወይም ከቀላ አትሹት፣ ወጌሻም አታሳሹት። በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ሂዱ።

✅ ድንገት ትንፋሽ ካጠረ፣ ሲተነፍሱ ደረት ከወጋ ወይም ደም የቀላቀለ ሳል ከመጣ ነገን አትጠብቁ፤ ወዲያውኑ ድንገተኛ ክፍል ድረሱ።

✅ ኦፕሬሽን ከተደረጋችሁ ወይም ሆስፒታል ከተኛችሁ “መቼ ልነሣ? ደም እንዳይረጋ የሚከላከል መርፌ ያስፈልገኛል?” ብላችሁ ጠይቁ። መጠየቅ ድፍረት አይደለም።

✅ መድኃኒት ከተጀመረላችሁ እብጠቱ ስለጎደለ አታቋርጡ። ሄፓሪንም ሆነ ዋርፋሪን የረጋውን ደም አያሟሙትም፤ እንዳይጨምር ይይዙታል፣ ቀስ በቀስ የሚያጠፋው ሰውነታችን ነው። ለዚህም ብዙውን ጊዜ ቢያንስ 3 ወር ያስፈልጋል።

✅ ዋርፋሪን የምትወስዱ የደም ምርመራ ቀጠሯችሁን አትዝለሉ፤ ሐኪም ሳታማክሩ አስፒሪን ወይም ዲክሎፌናክ አትጨምሩ። ጎመን አልተከለከለም፤ አንድ ሳምንት አብዝቶ በሌላው መተው ግን የመድኃኒቱን ሥራ ያዛባል። ጡት ማጥባት ይቻላል፤ እርግዝና ካሰባችሁ ግን አስቀድማችሁ ለሐኪማችሁ ንገሩ፣ ፅንስን ሊጎዳ ይችላልና።

የሰኞዋን አራስ ማታ ላይ ኮሪደሩ ውስጥ አገኘኋት። በአንድ በኩል እናቷ፣ በሌላ በኩል ተማሪዬ ይዘዋት ቀስ እያለች ትራመዳለች። እናትየው ሲያዩኝ “ይኸው አስነሣናት ዶክተር!” ብለው ሳቁ።

እናንተም አራስ ልትጠይቁ ስትሄዱ ገንፎውን አትተዉ፤ ግን “ዛሬ ተነሥተሽ ተራመድሽ ወይ?” ብላችሁም ጠይቋት።

ጤና ይብዛላችሁ! ቤታችሁ አራስ ካለች ይህን አንብቡላት።