ሁለተኛው ድርጅት

በቀይ ባሕር ዳርቻ፥ በዳሃብ፥ የጠላቂነትን የመጀመሪያ የምስክር ወረቀት ከፓዲ ከተቀበልሁ በኋላ ለከፍተኛው ትምህርት ወደ ኤስ.ኤስ.አይ. ለመዛወር አሰብሁ። ባልንጀሮቼ «የፊተኛው ወረቀት ከንቱ ይቀራል» ይሉኝ ነበር፤ ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም፤ አንዱ ድርጅት የሌላውን መነሻ ወረቀት ይቀበላል። ልዩነቱ ከዚያ ወዲያ ነው። ፓዲ የከፍተኛ ጠላቂነትን ማዕርግ 5 ጊዜ ለጠለቀ ይሰጣል፤ ኤስ.ኤስ.አይ. ግን ለዚሁ ስም 4 ልዩ ትምህርቶችንና በመዝገብ የተጻፈ 24 ጊዜ መጥለቅን ይጠይቃል። በ30 ሜትር ጥልቀት ግፊቱ በባሕር ገጽ ካለው 4 እጥፍ ስለ ሆነ፥ የተሸከሙት አየርም በዚያው ልክ ፈጥኖ ያልቃል። እዚያ ወርዶ መለኪያውን ለሚመለከት ሰው (እኔ ፈሪ ነኝ) የማዕርግ ስም ትንፋሽ አይሆነውም። ስለዚህ ረጅሙን መረጥሁ። አዲሱ መምህሬ መዝገቤን ገልጦ ቆጠረ፤ 9 ነበር። 15 ቀረኝ።