መስቀለኛ ጥያቄ የማይጠየቅ ምስክር

ክሱ ተራ ነበር፤ መንገደኛው የአቪያንካ አውሮፕላን ውስጥ የምግብ ጋሪ ጉልበቴን መታኝ ይላል። እ.ኤ.አ. በ2023 የኒው ዮርክ ፌዴራል ዳኛ ፒ. ኬቨን ካስቴል ፊት ዓለም ክሱን ያወቀው ግን በጉልበቱ አይደለም። የመንገደኛው ጠበቆች ከጠቀሷቸው ፍርዶች ስድስቱን የፈጠራቸው ቻትጂፒቲ ነው። አንደኛው ጠበቃ ጭራሽ አልጠረጠረም እንዳይባል፣ ፍርዱ እውነተኛ መሆኑን ጠይቋል፤ የጠየቀው ግን ቻትጂፒቲን ራሱን ነው። እውነተኛ ነው ተባለ፣ አመነ። ከሠላሳ ዓመት በላይ በሙያው የቆየ ሰው! ቅጣቱ 5,000 ዶላር ነበር። ከገንዘቡ ይልቅ የሚያሳፍረው ሌላው ትእዛዝ ይመስለኛል፤ ሐሰተኞቹን ፍርዶች ጽፈዋል ለተባሉት ዳኞች ለእያንዳንዳቸው ደብዳቤ መላክ ነበረባቸው።

*

ለንደን፣ 2025። የኳታር ብሔራዊ ባንክ በተከሰሰበት መዝገብ ከተጠቀሱት 45 ፍርዶች 18ቱ የሉም። ምርምሩን የሠራው ባለጉዳዩ ነበር፤ ጠበቃው ሳያጣራ ተቀበለው። ባለጉዳይ ለጠበቃው ሕግ የሚያስረዳበት ዘመን ደረስን። የጥብቅና ክፍያው ግን አቅጣጫ መቀየሩን አልሰማሁም።

*

አየር መንገዱ ኤር ካናዳ በ2024 ድረ ገጹ ላይ የነበረው ቻትቦት ለተናገረው ስሕተት ኃላፊው ራሱ ቻትቦቱ ነው ብሎ ተከራከረ። ተረታ።

*

በአሜሪካዋ የዊስኮንሲን ግዛት ኮምፓስ የሚባል ፕሮግራም ተከሳሹ ዳግም ወንጀል የመፈጸም ዕድሉን በነጥብ ያሰላል። ነጥቡ እንዴት እንደተሰላ ግን የንግድ ምስጢር ነው። የግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2016 ዳኛው ብቻውን እንዳይመራበት አስጠንቅቆ አጠቃቀሙን ፈቀደ። የሰው ምስክር ቢሆን ኖሮ የተከሳሹ ጠበቃ «ይህን ከየት አወቅህ?» ይለው ነበር።

*

እኛ ዘንድ ከ1997 ዓ.ም. ወዲህ የፌዴራል ሰበር ሰሚ ችሎት የሚሰጠው የሕግ ትርጉም የበታች ፍርድ ቤቶችን ያስገድዳል። ስለዚህ አንድ የሰበር መዝገብ ቁጥር መጥቀስ ክርክር ይገለብጣል። ቁጥሩ ደግሞ አምስት ስድስት አኃዝ ነው፤ ለመፍጠር ማሽን እንኳ አያስፈልግም። የሚያሳስበኝ ጠበቃው አይደለም፤ እሱ ቢያንስ ፈቃዱን ሊነጠቅ ይችላል። ጠበቃ መያዝ የማይችለው፣ ከፍርድ ቤት ደጅ አቤቱታ አስጽፎ የሚገባው ነው። ነገ ስልኩ በነጻ ይጽፍለታል፣ ያውም አሳምሮ። መጨረሻ ላይ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 92 መሠረት የጻፍኩት እውነት ነው የምትለዋ ማረጋገጫ አለች፤ እሷ ሥር የሚፈርመው ባለጉዳዩ ነው።