ሰኔ 30 ሰኞ ሲውል

የ2017 የግብር ዓመት የተዘጋው ሰኞ ዕለት ነው፤ ሰኔ 30። አዲስ አበባ ላለ ባለሱቅ ይህ ብዙም አይገደውም። ለባቲ ነጋዴ ግን ዓመት ለመዝጋት ከዚህ የከፋ ቀን የለም። ሰኞ የባቲ ገበያ ነው። ከአፋር ቆላ ግመልና ፍየል ይመጣል፣ ከደጋው እህል ይወርዳል፣ ከኮምቦልቻ ደግሞ ዘይት፣ ስኳርና ሳሙና የጫነ መኪና 40 ኪሎ ሜትር ግድም ተጉዞ በጠዋት ይደርሳል። አፋርኛ፣ ኦሮምኛና አማርኛ አንድ ሚዛን ከበው ይከራከራሉ። ባቲን በሙዚቃ ቅኝቱ ብቻ የሚያውቃት ሰው ሰኞ ረፋድ ላይ ቢደርስ መንገድ ፈልጎ ማለፍ ያቅተዋል።

በዚያ ግርግር መሃል ሕጉ አንድ ጥያቄ ይዞ ይመጣል። ዛሬ ማታ ሱቁ ሲዘጋ ምን አለህ፣ ምን አለብህ፣ ዓመቱንስ ስንት አተረፍክ?

ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ሰኞ ማታ ኮምቦልቻ ተጭኖ ማክሰኞ፣ ሐምሌ 1 ጠዋት ባቲ የደረሰ ስኳር የየትኛው ዓመት ነው? መልሱ በውሉ ላይ ይንጠለጠላል። ነጋዴው ዕቃውን ኮምቦልቻ ላይ ተረክቦ ከሆነ፣ ስኳሩ መንገድ ላይ ቢያድርም የእሱ ክምችት ነው፤ ዕዳውም በሰኔ 30 ይጻፋል። አከፋፋዩ ሱቅ ድረስ አድርሶ ሊያስረክብ ከተስማማ ግን የሐምሌ ግዢ ነው። የመኪናው ኪራይና የጫኝ አውራጁ ክፍያም ነጋዴው ከከፈለው የስኳሩ ዋጋ አካል ሆኖ ይመዘገባል እንጂ «ልዩ ልዩ ወጪ» ውስጥ አይወረወርም። ይህን የሚያምታቱ ብዙ ናቸው።

የዕለት ምዝገባው ራሱ አያስቸግርም። የገባ፣ የወጣ፣ የተሸጠ፣ በዱቤ የሄደ። «ለሰኞ ጻፍብኝ» ያለውን ደንበኛ ባለሱቁ ከሞላ ጎደል ሳይረሳ ይጽፋል። እንዲያውም በዚህ አገር ዱቤ መጻፍ የሃይማኖት ጉዳይም ነው። በቁርኣን ውስጥ ረጅሙ አንቀጽ፣ የሱረቱል በቀራ 282ኛው፣ የሚናገረው ዕዳን በጽሑፍ ስለማስፈርና ምስክር ስለማቆም ነው። በ1494 እ.ኤ.አ. ቬኒስ ላይ የነጋዴዎችን የሁለትዮሽ አመዘጋገብ በመጽሐፍ ያሳተመው መነኩሴ ሉካ ፓቾሊም የሂሳብ መዝገብ በፈጣሪ ስም እንዲጀመር መክሮ ነበር። ቢስሚላህ ብሎ ደብተሩን የሚከፍተው የባቲ ነጋዴ ምክሩን ሳያነበው ይፈጽመዋል።

ችግሩ ያለው ማንም መጥቶ «ጻፍ» የማይላቸው ነገሮች ላይ ነው። ኪራይ በየቀኑ ያልቃል፣ ፍሪጅ ያረጃል፣ የሠራተኛ ደመወዝ ይጠራቀማል፣ ዱቤ ይበላሻል። ለእነዚህ ደረሰኝ የሚቆርጥ የለም። የሂሳብ ሰዎች የማስተካከያ ምዝገባ የሚሉት ይህንኑ በዓመቱ መጨረሻ ተቀምጦ ማስላትን ነው።

ለምሳሌ ያህል አንድ ሱቅ ይታሰብ። ቁጥሮቹ ለማስረዳት የተመረጡ ናቸው። በዓመቱ የሸጠው 1,790,000 ብር ነው። ሐምሌ 1 ቀን 2016 ሲጀምር መደርደሪያው ላይ በግዢ ዋጋ የ260,000 ብር ዕቃ ነበረው፤ በዓመቱ ከነማጓጓዣው የ1,610,000 ብር ዕቃ ገዛ፤ ሰኔ 30 ማታ ሲቆጥር 310,000 ብር የሚያወጣ ቀረው።

ባለቤቱ በመጀመሪያ የሚያየው መሳቢያውን ነው። ከደንበኞች በእጁ የገባው 1,742,000 ብር ነው፤ ዱቤው ከ70,000 ወደ 118,000 ስላደገ ቀሪው ሰው ላይ ነው። ለአከፋፋዮች 1,555,000 ከፈለ። ለኪራይ 96,000፣ ለሠራተኛ 48,000፣ ለመብራትና ለጥቃቅን ነገር 13,500 ወጣ። የቀረው 29,500 ብር ነው፤ እሱም ለቤት ወጪ ሄዷል። «ዓመቱን ሙሉ ለፍቼ ይሄ ብቻ?» ቢል አይፈረድበትም።

መዝገቡ ግን ሌላ ይላል። ለዓረፋና ለሌላውም ጊዜ ከሱቅ ወደ ቤት የሄደው ዘይትና ሩዝ የ18,000 ብር ነው። ይህ የሱቁ ወጪ አይደለም፤ ባለቤቱ ከራሱ ካፒታል የወሰደው ነው። እሱና የቀረው ክምችት ሲቀነሱ የተሸጠው ዕቃ ዋጋ 1,542,000 ይሆናል፤ ጥቅል ትርፉም 248,000። ቀጥሎ ኪራዩ አለ። አከራዩ የሚቀበለው በየመጋቢት 1 የዓመት ቅድሚያ ነው። የ2016ቱ 72,000 ነበር፤ ከዚያ ውስጥ ስምንቱ ወር በዚህ ዓመት ያለቀ ነው፣ 48,000። በመጋቢት 2017 ከተከፈለው 96,000 ውስጥ ደግሞ እስከ ሰኔ ያለቀው አራት ወር ብቻ ነው፣ 32,000። ስለዚህ የዓመቱ ኪራይ 80,000 ነው፤ 64,000ው ገና ያልተበላ ሀብት ሆኖ ወደ 2018 ይሻገራል። (ጳጉሜን ኪራይም ደመወዝም የማይጠየቅባት መሆኗ ለሂሳብ ሠሪ ትልቅ ውለታ ነው፤ ሁሉም ነገር በ12 ይካፈላል።)

የሰኔ ደመወዝ 4,000 ብር የሚከፈለው ሐምሌ ሲገባ ነው፤ ወጪነቱ ግን የሰኔ ነው። ፍሪጁና መደርደሪያው 60,000 ብር ተገዝተው ነበር። በ2009 የወጣው የገቢ ግብር ደንብ እንዲህ ላሉ ዕቃዎች በቀጥተኛው ዘዴ በዓመት 15 በመቶ የእርጅና ቅናሽ ይፈቅዳል፣ 9,000 ብር። ሁሉም ሲደመር ወጪው 150,500፣ የተጣራው ትርፍ 97,500 ብር ነው።

በ29,500 እና በ97,500 መካከል 68,000 ብር አለ። ማንም አልሰረቀውም። በመደርደሪያው ላይ በጨመረው ዕቃ፣ በደንበኞች ዱቤ፣ በአከራዩ ኪስና በቤት ጓዳ ውስጥ ተቀምጧል፤ ከፊሉን ደግሞ ያላለቀ የአከፋፋይ ዕዳ ሸፍኖታል። ግብር የሚታሰበው በ97,500ው ላይ ነው። ለ2017 የግብር ዓመት ይሠራ በነበረው፣ በ2008 በወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ሠንጠረዥ 17,790 ብር ይሆናል። አዋጁ ያኔ ዓመታዊ ገቢው 1 ሚሊዮን ብርና ከዚያ በላይ የሆነውን በደረጃ ሀ መድቦ ሙሉ መዝገብ እንዲይዝ ያስገድደው ነበር፤ ለማሳወቅም አራት ወር፣ እስከ ጥቅምት 30 ይሰጠው ነበር። መዝገብ የሌለው ይገመትበታል፤ ገማቹ ደግሞ የሚያየው የሰኞውን ግርግር ነው።

እዚህ ላይ የግብር ሥልጠናዎች የሚስቱት ነገር ያለ ይመስላል። ነጋዴውን ምንም እንደማያውቅ ቆጥረው ከዴቢትና ክሬዲት ይጀምራሉ። የባቲ ሙስሊም ነጋዴ ግን የማስተካከያ ምዝገባን ከአባቱ ተምሯል፤ ዘካ ሲያወጣ የሚያደርገው እሱን ነው። በዓመት አንድ ቀን ይመርጣል፤ ብዙዎች ረመዳንን። የሚሸጠውን ዕቃ ይቆጥራል፣ ጥሬ ገንዘቡን ይደምራል፣ ከዱቤው ይመጣል ብሎ የሚያምንበትንና ተስፋ የቆረጠበትን ይለያል፣ እንደ መዝሀቡ (እንደሚከተለው የሸሪዓ ሕግ መንገድ) ልዩነት ቢኖርም ያለበትን ዕዳ ይቀንሳል፤ ከቀረው 2.5 በመቶ ያወጣል። መደርደሪያውና ፍሪጁ አይቆጠሩም፤ የሚሸጡ አይደሉምና። ቆጠራ፣ የዱቤ ምዘና፣ ያልተከፈለ ዕዳ፤ ግማሹ ትምህርት እዚያ አልቋል።

ልዩነቱ ሕጎቹ ላይ ነው። ዘካ የሚከተለው የጨረቃን ዓመት፣ 354 ቀን ግድም ነው፤ የግብሩ ዓመት ከእሱ 11 ቀን ይረዝማል። የ2017 የግብር ዓመት ሲዘጋ የሂጅራው 1447 ከገባ አሥር ቀን አልፎት ነበር። ሁለቱ ቆጠራዎች ለዚህ ነው አብረው የማይሄዱት። የዋጋውም ነገር አለ። አብዛኞቹ ዑለሞች ለዘካ ዕቃው በዕለቱ የገበያ ዋጋ ይተመን ይላሉ፤ የሂሳብ መዝገብ ግን በተገዛበት፣ ወይም ከዚያ ዝቅ ብሎ የሚሸጥ ከሆነ በዝቅተኛው ይይዘዋል። የዘካው መነሻ መጠንም ሌላ ራስ ምታት ነው። በ85 ግራም ወርቅ ከተለካ፣ ወርቅ እንዲህ በተወደደበት ጊዜ፣ ከላይ ያለው ዓይነት ሱቅ ከወለሉ በታች ይቀራል። በ595 ግራም የብር ማዕድን ከተለካ ግን ዘካ ይወጣበታል።

የዋጋው ልዩነት ትርጉም ያገኘው ሐምሌ 22 ቀን 2016 ነው። መንግሥት የውጭ ምንዛሪን ለገበያ ሲለቅ ዶላር ከ57 ብር ግድም ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ 100 ብር ተሻገረ። የ2016 መዝገብ ከተዘጋ ገና 22 ቀኑ ነበር። ሰኔ 30 ላይ በአሮጌ ዋጋ የተቆጠረ ከውጭ የመጣ ዕቃ በነሐሴ በአዲስ ዋጋ ሲሸጥ መዝገቡ ላይ ወፍራም ትርፍ ወጣ። ያ ትርፍ ግን ያንኑ ዕቃ መልሶ ለመግዛት እንኳ የማይበቃ ሊሆን ይችላል። ዘካውን በየካቲት መጨረሻ በገባው የ2017 ረመዳን ያሰላ ነጋዴ ክምችቱን በአዲሱ ዋጋ አይቶታል። በዚህ በኩል የአባቱ ዘዴ ከግብር መዝገቡ ይልቅ የሱቁን እውነተኛ ቁመና ያሳየዋል። ስለ ፍሪጁ ግን ምንም አይነግረውም። ፍሪጁ ሲሞት ከየት እንደሚተካ ያላሰበ ሰው ትርፉን ሲበላ የኖረው ከፍሪጁ ላይ ነው።

በጣም የሚከብደው የዱቤው ነገር ነው። ከ118,000ው ውስጥ 40,000ው «ግመል ሽጬ እከፍላለሁ» ብለው ከወረዱ በኋላ ለወራት ባልታዩ ደንበኞች ላይ ነው እንበል። የዘካ ደብተሩ ይህን ወደ ጎን ያደርገዋል፤ ሲመጣ ይታሰብበታል። የሂሳብ ደረጃዎቹም በጥርጣሬው ልክ መጠባበቂያ እንዲያዝ ይፈቅዳሉ። የግብር አዋጁ ግን መጠባበቂያን አይቀበልም። ዕዳው ከመዝገብ እንዲሰረዝ፣ ከዚያም ነጋዴው ለማስመለስ ሕጋዊ እርምጃ መውሰዱን እንዲያሳይ ይፈልጋል። ባቲ ውስጥ ያለ ባለሱቅ ደግሞ የቆላ ደንበኛውን ፍርድ ቤት አያቆምም። ሽማግሌ ይልካል፣ ይታገሣል፣ አልሆነም ሲል አውፍ ይላል፤ የደንበኛው ወንድም፣ አጎትና አማች በሚቀጥለው ሰኞ ከእሱ ሱቅ ነው የሚገዙት። 40,000ው ቢቀነስለት ትርፉ 57,500፣ ግብሩም 7,870 ብር ይሆን ነበር። ስላልተቀነሰ 17,790 ይከፍላል። ልዩነቱ፣ 9,920 ብር፣ በእጁ ገብቶ በማያውቅ ገንዘብ ላይ የተከፈለ ግብር ነው። የሽማግሌ ውሳኔ በወረቀት ሰፍሮ፣ ተፈርሞበት፣ እንደ ማስመለሻ ሙከራ የሚቆጠርበት ግልጽ መንገድ ቢኖር ብዙ የቆላ አፋፍ ከተሞች መዝገባቸውን ያለፍርሃት ይከፍቱ ነበር።