ከአንሶላው በፊት ብሩሹን እዩ

ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ ምንዛሪ ወይም ስለ ቀረጥ አይደለም። ስለ ሽንት ቤት ብሩሽና ስለ ማስቀመጫው ነው። አትሳቁ። ሞያሌ፣ ናይሮቢ፣ ጂቡቲ ስንመላለስ ብዙዎቻችን የምናድረው አንድ ሽንት ቤት ለስድስት ለሰባት ሰው በሆነበት ቤት ነው። አንዷ ስትታመም ሌላዋ ትከተላለች። ሦስት ቀን የተኛች ነጋዴ ደግሞ ገበያዋም አብሯት ተኛ ማለት ነው።

እኔ አልጋ ስይዝ መጀመሪያ የማየው አንሶላውን አይደለም። አንሶላ ለእንግዳ ዓይን ተብሎ ይታጠባል፣ ይተኮሳል። ብሩሹን ግን ለእንግዳ ብሎ የሚያሳምረው ስለሌለ የቤቱን ጠባይ የሚናገረው እሱ ነው። ብድግ አድርጌ ማስቀመጫው ውስጥ አያለሁ። ጥቁር ውኃ ካቆረ፣ ያ ውኃ ከእኔ በፊት ያደሩት ሁሉ ትተውት የሄዱት ነው።

አተት፣ ታይፎይድ፣ አንዳንዱም የጉበት በሽታ መንገዱ አንድ ነው፤ ከዓይነ ምድር ወደ እጅ፣ ከእጅ ወደ አፍ። እ.ኤ.አ. በ2022 ነሐሴ ላይ ባሌ ውስጥ ኮሌራ ተነሳ፤ በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ ኬንያም ውስጥ ተነሳ። ድንበር ሸቀጥን ወረቀት ይጠይቃል እንጂ በሽታን አይጠይቅም። ኮሌራ በዋናነት የሚመጣው በተበከለ ውኃና ምግብ ነው፤ ብሩሽ ብቻውን አያመጣውም። ነገር ግን ብሩሹን የነካው እጅ ነው በር የሚከፍተው፣ ብር የሚቆጥረው፣ እንጀራ የሚቆርሰው።

ሞያሌ ውኃ በጀሪካን የሚገዛበት አገር ስለሆነ «እንደ ልብ እጠቡት» ብል ታዝኑብኛላችሁ። እኔ የማደርገው በአንድ ባልዲ የሚያልቅ ነው። በሳምንት አንድ ቀን በቂ ነው፤ ቤት ውስጥ ተቅማጥ የያዘው ሰው ካለ ግን በየቀኑ።

መጀመሪያ መስኮቱን ወይም በሩን እከፍታለሁ፤ ለዚህ ሥራ ብቻ የያዝኩትን የላስቲክ ጓንት አጠልቃለሁ። ማስቀመጫው ውስጥ የቆረውን ውኃ ሽንት ቤቱ ውስጥ እደፋለሁ፤ ግቢ ውስጥ ወይም እጅ መታጠቢያ ላይ አይደፋም። ከዚያ ብሩሹንም ማስቀመጫውንም በኦሞ ውኃ አጥባለሁ። ብሩሹ ላይ የተጠመጠመ ጸጉርና ወረቀት ካለ በእንጨት አወጣለሁ። ይህን መዝለል አይቻልም። በረኪና ቆሻሻ ላይ ሲፈስ ኃይሉን ቆሻሻው ይጨርሰዋል፤ ጀርሙ ጋ ሳይደርስ ይደክማል። ቀድሞ ሳሙና፣ ቀጥሎ በረኪና።

እኛ በረኪና የምንለውን ኬንያዎቹ ጂክ ይሉታል፤ ከዓረብ አገር የተመለሱ እህቶቻችን ክሎሮክስ ይሉታል። ስሙ ቢለያይም ነገሩ አንድ ነው፤ የሚለያየው ጥንካሬው ነው። ስለዚህ ጠርሙሱን አንብቡ። 5 በመቶ የሚል ከሆነ አንድ ኩባያ በረኪና ለዘጠኝ ኩባያ ውኃ፤ 3.5 በመቶ የሚል ከሆነ አንድ ኩባያ ለስድስት ኩባያ ውኃ። ውኃው ቀዝቃዛ ይሁን፤ ሙቅ ውኃ በረኪናን ያደክመዋል። ብጥብጡን እዚያው ማስቀመጫው ውስጥ ሞልቼ ብሩሹን እነክርበታለሁ፤ ግማሽ ሰዓት ይቆያል። ማስቀመጫው የብረት ከሆነ ግን በረኪና ያዝገዋል፤ ያኔ ብሩሹን በአሮጌ ባልዲ ነክሩና ብረቱን በሳሙና አጥባችሁ አድርቁት።

ግማሽ ሰዓቱ ሲሞላ ብጥብጡ ወደ ሽንት ቤቱ ይደፋል። አንድ ጆግ ንጹሕ ውኃ ማለቅለቂያ ይበቃዋል፤ እሱም እዚያው ሽንት ቤቱን ያጥባል፣ ምንም አይባክንም።

ብዙ ሰው የሚረሳው ማድረቁን ነው። እርጥብ ብሩሽ ተመልሶ ማስቀመጫው ውስጥ ከገባ ልፋታችሁ ሁሉ በሁለት ቀን ይጠፋል። እጀታውን በመቀመጫው ሥር አጣብቃችሁ ጸጉሩ ወደ ውስጥ እየተንጠባጠበ ይድረቅ። ቁጢጥ ብለው የሚጠቀሙበት ሽንት ቤት ከሆነ ምስማር ላይ ይሰቀል። ማስቀመጫው ፀሐይ ላይ ይደፋ። ፀሐይ ሞያሌ ላይ በነፃ ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልምጣ። አንድ ማደሪያ ቤት ውስጥ የምትሠራ ልጅ፣ ሃያ ዓመት የሚሆናት፣ አንገቱ ጠመም ያለውን የሽንት ቤት ማጽጃ ካፈሰሰች በኋላ በላዩ ላይ በረኪና ጨመረችበት። ብሩሹንም እዚያው ነከረች። እያሳለች፣ ዓይኗ እያነባ ወጣች፤ በር ላይ ተቀመጠችና ትንፋሽ አጠራት። አየር ወዳለበት ወስደን ወደ ጤና ጣቢያ ይዘናት ሄድን፤ እግዚአብሔር ይመስገን ተረፈች። የቤቱ ባለቤት የነገራት «ሲቀላቀል ኃይሉ ይጨምራል» ብሎ ነበር። በእርግጥ ይጨምራል፤ የሚጨምረው ግን መርዙ ነው። ያ ማጽጃ አሲድ አለው፤ አሲድና በረኪና ሲገናኙ ክሎሪን የሚባል ሳንባ የሚያቃጥል ጋዝ ይወጣል። አሞኒያ ካለበት ማጽጃ ጋርም እንዲሁ አደገኛ ጋዝ ይወጣል። ስለዚህ አንዱን ቀን አንዱን፣ ሌላውን ቀን ሌላውን ተጠቀሙ። አሲዱን ከተጠቀማችሁ በብዙ ውኃ ልቀቁት፤ ብሩሹንም በደንብ አለቅልቁት። ሽታው ካፈናችሁ «ልጨርሰውና» አትበሉ፤ ጥላችሁ ውጡ።

ሌላም አለ። በረኪና በሃይላንድ ጠርሙስ እየተቀዳ ይሸጣል። ልጅ ያላችሁ፣ ውኃ መስሎት የጠጣ ሕፃን ማየት ካልፈለጋችሁ፣ በውኃ ጠርሙስ አታስቀምጡ። ቢያንስ በትልቁ ጻፉበትና ልጅ እጅ የማይደርስበት ቦታ ስቀሉት።

ይህን ሥራ ማን ይሥራ የሚለው ነው ቤት የሚያጣላው። ሞያሌ ላይ አራት ሆነን በተከራየነው ቤት ሥራው ሁልጊዜ የትንሿ ነበር፤ ማንም ሳያዛት በዕድሜ ብቻ ወደቀባት። እሷ ደግሞ ጓንት አልነበራትም፤ እጇ ተልጦ ነበር። ተራ እናውጣ ስል ታላቃችን «እኔ የልጅ ልጅ አይቼ የሽንት ቤት ብሩሽ ልጠብ?» አሉ። «እትዬ፣ እርስዎ አይንኩት፤ ተራዎን እኔ እይዛለሁ፤ እሷ ላይ ብቻ ግን አንጣለው» አልኳቸው። እስካሁን ብሩሹን አልነኩም። ጓንትና በረኪና የሚገዙት ግን እሳቸው ናቸው፤ ማንም ሳይጠይቃቸው። እኔ በዚህ ረክቻለሁ። ቆሻሻን መንካት የሚያዋርድ ከሆነ ሁላችንንም ያዋርድ፤ የማያዋርድ ከሆነ ለአንዷ ብቻ ለምን ይተዋል?

በንግድ ትምህርት የእርጅና ቅናሽ የሚባል ነገር ተምረናል፤ እያንዳንዱ ዕቃ የአገልግሎት ዘመን አለው። ብሩሽም አለው። ጸጉሩ ከተጣመመ፣ ከታጠበ በኋላም ከሸተተ ሒሳቡ ተዘግቷል፤ ጣሉት። ለቤታችሁም ሆነ ለሽያጭ ስትገዙ ማስቀመጫው አፉ ሰፊ፣ እጅ አስገብቶ ለማጠብ የሚመች ይሁን። የሲሊኮኑ ዓይነት ውኃ ቶሎ ያራግፋል፣ ቶሎ ይደርቃል፤ የደረቀ ቆሻሻን መፈግፈግ ላይ ግን ባለ ጸጉሩ ይሻላል። ለደንበኞቼ ብሩሽ ስሸጥ ጓንት አብሬ አቀርባለሁ፤ ለብቻው የሚገዛው ጥቂት ነው፣ አጠገቡ ሲያዩት ግን ብዙዎች ይወስዱታል።

ጓንቱን ካወለቃችሁ በኋላም እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። በሰላም ወጥታችሁ በሰላም ግቡ።