የደጋ ገንዳና የመብራቱ ነገር

ጥቅምት 8 ቀን 2015፣ አዘና

የእህቴ ልጅ ከውጭ የሚልክልኝ ቪዲዮ ሁሉ የኮራል ገንዳ ሆኗል። ሐምራዊ ብርሃን ውስጥ የሚወዛወዝ ኮራል፣ በመሐሉ ብርቱካናማ ዓሣ። «አክስቴ፣ አንቺም ሥሪ እንጂ! ጠረጴዛ ላይ የምትቀመጥ ትንሽ ናት» ይለኛል። ማታ ወረቀት ይዤ ሒሳቡን ሠራሁት። ርዝመቷ 60፣ ወርዷም ከፍታዋም 30 ሳንቲ ሜትር የሆነች ገንዳ 54 ሊትር ትይዛለች። የባሕር ውሃ በሊትር 35 ግራም ያህል ጨው አለበት፤ ወደ ሁለት ኪሎ መሆኑ ነው። ሁለት ኪሎ ጨው ከገበያ አይጠፋም። ግን ከአፍዴራ የሚመጣው የወጥ ጨው አይሆንም፤ ኮራል አጥንቱን የሚሠራበት ካልሲየም፣ ማግኒዚየምም ጭምር ይፈልጋል። በዚያ ላይ ውሃው ሌት ተቀን ከ24 እስከ 26 ዲግሪ መሞቅ አለበት። የኛን የታኅሣሥ ሌሊት የሚያውቅ ይፍረደኝ። መብራት አንድ ምሽት ከሄደ ማሞቂያውም ፓምፑም ይቆማሉ። በአዘና ኮራል አይታሰብም።

ጥቅምት 14

ኮራሉን ብተወውም የመብራቱ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣም። ኮራል እንስሳ ነው፤ የሚበላውን በአብዛኛው የሚያበስሉለት ግን በሥጋው ውስጥ የሚኖሩ ደቃቃ አልጌዎች ናቸው። አልጌዎቹ ደግሞ የሚሠሩት በብርሃን ነው። ቀዩ ብርሃን በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሜትሮች ውሃ ውስጥ ይቀራል፤ ሰማያዊው ነው ወደ ጥልቁ የሚወርደው። ለዚህ ነው የኮራል መብራት ሰማያዊ የሚበዛበት። እዚያ መብራቱ ምግብ ነው። እኔ ከጉልበት በማያልፍ የወንዝ ውሃ ውስጥ የሚኖር ዓሣ አስቀምጬ ሰማያዊ ባበራበት ግን ለሳሎኑ ጌጥ እንጂ ለዓሣው አይሆንም።

ስለ ባሕርና ስለ ወንዝ ዓሣ ሳስብ ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል ትዝ አለኝ። በ1831 እ.ኤ.አ. ምጽዋ ደርሶ፣ የቀይ ባሕርን ዓሣ ሰብስቦ፣ ከዚያ ጎንደር ወጣ፤ የጣናንም ዓሣ ሰብስቦ ሄደ። ከጣና ካገኛቸው ውስጥ በደምቢያ ስም የጠራት፣ ድንጋይ ላይ የምትለጠፍ ትንሽ ዓሣ አለች። ዘሯን ሳይንስ ጋራ ይለዋል። በ2007 እ.ኤ.አ. አበበ ጌታሁንና ሜላኒ ስቲያስኒ ከዚሁ ዘር ሌላዋን በደምበጫ ስም ሰየሟት፤ ደምበጫ ጎረቤታችን ማለት ነው። ከአገጯ በታች እንደ ክብ ትራስ ያለ መለጠፊያ አላት፤ በእሱ ድንጋዩን ይዛ ጎርፉን ትቋቋማለች፤ ከድንጋዩም ላይ አልጌ ትፍቃለች። ገንዳዬ የእሷ ይሆናል።

ኅዳር 3

መስታወት ቤቱ ባለ 6 ሚሊ ቆረጠልኝ። ልጁ የመስኮት ሲሊኮን አውጥቶ ሊለጥፍ ሲል አስቆምኩት፤ ሻጋታ እንዳይዝ ተብሎ መድኃኒት የተጨመረበት ዓሣ ይገድላል። ያልተጨመረበት ተገኘ። መቆሚያውን በያጁ በብረት ሠራው። ውሃውና ድንጋዩ አንድ ላይ ከአንድ ሰው በላይ ይመዝናሉና የልብስ ሳጥን ላይ አይደረግም።

ኅዳር 11

ድንጋይ ለቀማ። ተማሪዎቼ አብረውኝ ወደ ወንዝ ወረዱ። ሎሚ ይዤ ነበር፦ ድንጋዩ ላይ ሲጨመቅ አረፋ ካወጣ የኖራ ድንጋይ ነው፤ ውሃውን እያደር ያከብደዋል። የኛ አገር ጥቁር ድንጋይ ዝም አለ። እሳተ ገሞራ የተፋው ነው፤ የዘንገና ሐይቅን ጉድጓድ የከፈተው ያው እሳት ነው። ከተለቀሙት መካከል አረንጓዴ ልስላሴ የያዙትን ሳላጥባቸው፣ በእርጥብ ጆንያ ጠቅልዬ አመጣሁ። ልስላሴው ውስጥ የዓሣውን ቆሻሻ መርዝነት የሚያበርዱት ባክቴሪያዎች ይኖራሉ። አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይቀይሩታል። በበቂ እስኪበዙ በሞቀ ቤት ሳምንታት ይፈጅባቸዋል፤ በብርድ ደግሞ ይብሳል። ስለዚህ ገንዳው ያለ ዓሣ ይክረም። የቧንቧውን ውሃ ክሎሪኑ እስኪተን በባልዲ ክፍቱን አሳደርኩት።

ኅዳር 20

መብራት ግዢ። ባለሱቁ የሚጠይቀው «ነጭ ነው ቢጫ?» ብቻ ነው። ካርቶኑ ላይ 6500 ኬልቪን የሚል ነጭ ኤልኢዲ መረጥኩ፤ የቀትር ብርሃን የሚመስለው እሱ ነው። አሥር ዋት ይበቃል። ከውሃው ከፍ ብሎ፣ በመስታወት ክዳን ላይ ተቀመጠ። ክዳኑ ለዓሣዋም ያስፈልጋል፤ እርጥብ መስታወት ላይ ተለጥፋ ወጥታ ልታመልጥ ትችላለች። ገመዱን ደግሞ ከሶኬቱ በታች ወርዶ እንዲታጠፍ አደረግኩት። በገመዱ የሚንሸራተት ጠብታ መሬት ይውደቅ እንጂ ሶኬት አይግባ። ይህን ያላደረገ ሰው ገንዳ ባይኖረው ይሻላል።

መስኮት አጠገብ ለምን አታስቀምጪውም ያሉኝ አሉ። የበጋ ፀሐይ በሰዓት አይታዘዝም፤ አምፖሉን ግን ጠዋት 2 ሰዓት አበራለሁ፣ ወደ ማታ 12 አጠፋለሁ።

ጥር 23

ሰፈሩ ጭር ብሏል፤ የቻለ ሁሉ ለአገው ፈረሰኞች በዓል እንጅባራ ሄዷል። እኔ ገንዳው ፊት ተቀምጫለሁ። ባለፈው ሳምንት ልጆቹ በመረብ ያጠመዷቸው ሦስት ትንንሽ ዓሦች ገብተዋል። አንዷ ጥቁሩ ድንጋይ ላይ ተለጥፋ በአፏ ስትፍቅ፣ ያለፈችበት ጥቁር መስመር ሆኖ ይቀራል። ኮራል የሚያረቡ ሰዎች አልጌ ሲመጣባቸው መብራት ይቀንሳሉ፣ በብሩሽ ይፍቃሉ። እኔ አልጌው እንዲበቅል ነው የማበራው። አሥሩ ዋት ድንጋዩን ያለብሰዋል፤ እሷ ትበላዋለች። ኮራሉ አልጌውን በሥጋው ውስጥ ያኖረዋል፤ የኔዋ ከድንጋይ ላይ ትለቅመዋለች።

ጥር 29

ትናንት ማታ መብራት ሄዶ አደረ። ዓሦቹ ምንም አልሆኑም። ለነገሩ ቀዝቃዛ ውሃ ኦክሲጅን በደንብ ይይዛል፤ ዓሦቹም ብርድ የለመዱ ናቸው። ብርሃን ለአንድ ቀን ቢቀር ማንንም አይገድልም፤ አየር ቢቀር ግን ይገድላል። በባትሪ የሚሠራ አንድ የአየር ፓምፕ ሌሊቱን ሙሉ ሲያንጎራጉር አድሯል።

በደጋ ከተማ ገንዳ ልትሠሩ ያሰባችሁ ካላችሁ፣ ለሰማያዊው መብራት ያሰባችሁትን ገንዘብ በዚህ ፓምፕ ላይ አውሉት። ከወንዝ ያመጣችሁትን ዓሣ ደግሞ ሲሰለቻችሁ ወደዚያው ወደመጣበት ወንዝ መልሱት፤ ሌላ ሐይቅ ውስጥ አትጣሉት።