ጋሼ ፑልማን

በአሜሪካ የሠራተኞች ቀን፣ በሌበር ዴይ፣ ከሰል አቀጣጥላችሁ ፎቶ የምትለጥፉ ሰዎች፣ አይቻችኋለሁ። እኔ ፓርኪንግ ውስጥ ሥራ ላይ ነኝ። መኪና የለም፣ አለቃም የለም። እስቲ ይህች እረፍታችሁ የፌደራል በዓል ስትሆን ምን ይደረግ እንደነበር ልንገራችሁ።

ጆርጅ ፑልማን የሚባል ሰውዬ ነበር፤ ባቡር ላይ የሚተኛበት ፉርጎ ሠርቶ የከበረ። እዚያ ውስጥ አልጋ የሚያነጥፉት፣ ጫማ የሚጠርጉት ጥቁሮች ነበሩ፤ የመጀመሪያዎቹ አብዛኞቹ ከባርነት የወጡ። ተሳፋሪው ስማቸውን አይጠይቅም፤ ሁሉንም በጌታው ስም "ጆርጅ" ይላቸዋል። (እኔን በየቀኑ "ማይክ" የምትለኝ ባለ ቴስላ፣ ይቅር ብዬሃለሁ።)

ሰውዬው በፈረንጆቹ 1880 ከቺካጎ በስተደቡብ ለፋብሪካ ሠራተኞቹ ከተማ መቆርቆር ጀመረ። ስሟን ማን አላት? ፑልማን! የጡብ ቤት፣ የቧንቧ ውሃ፣ ቤተ መጻሕፍት፣ ቴአትር። የዚያን ዘመን የቺካጎ ሠራተኛ የሚታጎርበትን ላየ ገነት ናት፤ አልክድም። ግን ቤት መግዛት አይቻልም፣ ሠራተኛ የሚጠጣበት ግሮሰሪ የለም፣ ቤተ ክርስቲያኑ ሳይቀር በኪራይ ነው።

በ1893 ኢኮኖሚው ወደቀ። ፑልማን ደመወዝ በአማካይ ሩብ ያህል ቆረጠ። ኪራይ ግን ንክች አላለም፤ የባለ አክሲዮኖቹ 8 በመቶ የትርፍ ድርሻም እንደዚያው። ጄኒ ከርቲስ የምትባል ልብስ ሰፊ፣ የዚያው ኩባንያ ሠራተኛ የነበረው አባቷ ሲሞት የቀረበትን 60 ዶላር ኪራይ ከራሷ ደመወዝ እንድትከፍል ተደረገ። ሠራተኞቹ ሄደው ቢለምኑት፣ ቀጣሪነቴ ሌላ፣ አከራይነቴ ሌላ ነው አላቸው።

እዚህ ስደርስ ደሜ ፈላ። የእኔ ጋሼ ትዝ አሉኛ! እንደመጣሁ ሥራ የሰጡኝ፣ ምድር ቤታቸው ያስገቡኝ። ኪራዩ ከደመወዜ ላይ ይቆረጣል፤ ስንት እንደሆነ የሚያውቁት እሳቸው ናቸው። ሰዓት ሲቀንሱብኝ "ኪራዩስ ጋሼ?" ብል፣ "እኔ ባልኖር ዛሬ የት ነበርክ?" ለፋሲካ የበላሁት ዶሮ ሳይቀር ተቆጠረብኝ። እንቁላሉም ጭምር! ውለታ ያለበት ሰው ስለ ደመወዝ አፉን ከከፈተ ከሃዲ ነው። ፑልማንም የቆጨው ብሩ ብቻ አይመስለኝም፤ "ይህን ሁሉ አድርጌላቸው!" ነው።

ወደ ነገሬ። በሜይ 1894 የፑልማን ሠራተኞች ሥራ አቆሙ። በጁን መጨረሻ የዩጂን ዴብስ የባቡር ሠራተኞች ማኅበር፣ የፑልማን ፉርጎ ያለበትን ባቡር አንነካም አለ። ከቺካጎ ወደ ምዕራብ የሚሄደው አብዛኛው ባቡር ቀጥ አለ። ማኅበሩ እንዲህ ባለ በሁለት ቀኑ ፕሬዚዳንት ክሊቭላንድ ሌበር ዴይን የፌደራል በዓል የሚያደርገውን ሕግ ፈረመ፤ ሳምንት ሳይሞላ ደግሞ ወደ ቺካጎ ጦር ላከ። በቀኝ እጅ በዓል፣ በግራ እጅ ጥይት። ሰው ሞተ፣ ዴብስ ታሰረ፣ አድማው ተሰበረ።

ፑልማን በ1897 ሲሞት ሠራተኞቹ ሬሳውን ያወጡታል ተብሎ ተፈራ። ስለዚህ በእርሳስ በተለበጠ ሣጥን፣ በኮንክሪትና በሐዲድ ብረት ታሽጎ ተቀበረ። መቃብሩ እዚሁ ቺካጎ፣ ግሬስላንድ ነው፤ ከኤጅዋተር ሰፈር በክላርክ ጎዳና ስትወርዱ። በዓመቱ የኢሊኖይ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ኩባንያው ከተማዋን እንዲሸጥ አዘዘ።

አዲስ የመጣችሁ ልጆች፣ ክፍል የቸገራችሁ በውስጥ ጻፉልኝ። ቀጣሪያችሁ ቤት ግን አትግቡ፤ ዶሮውንም አትብሉ።