የድንኳን ዘንግ

ቤት የሚጸናው በመሠረቱ ነው። ድንኳን ግን መሠረት ስለሌለው ጽናቱ ሁሉ በዘንጉ፣ በአውታሩና በካስማው ነው። ይህንንም በሚገባ የተረዳሁት ከአገሬ ርቄ በአሜሪካ፣ በሚኒሶታ ክፍለ ግዛት በምኖርበት ጊዜ ነው።

አንባቢ እንዲረዳልኝ አስቀድሜ የቦታውን ጠባይ ልግለጽ። የሚኒሶታ ክረምት የዝናም ሳይሆን የብርድ ወራት ነው። የሐይቆቹ ውሃ ከላይ ይረጋል፤ ሰዎችም በረጋው ላይ ተራምደው፣ በመሰርሰሪያ ቀዳዳ ከፍተው ዓሣ ያጠምዳሉ። በእግር ለሚሄድ ሰው በረዶው ቢያንስ 4 ኢንች፣ ማለት 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ውፍረት እንዲኖረው የክፍለ ግዛቱ የተፈጥሮ ሀብት መሥሪያ ቤት ይመክራል። ምክሩም ከንቱ አይደለም። ታኅሣሥ 19 ቀን 2016 ዓ.ም. አፐር ሬድ ሌክ በሚባለው ሐይቅ ላይ በረዶው ከዳር ተገንጥሎ፣ ከ100 የሚበልጡ አጥማጆች በውሃ ተከበው ከቆዩ በኋላ በነፍስ አድን ሠራተኞች ወጥተዋል።

በዚያ ሜዳ ላይ ነፋስን የሚከለክል ዛፍ ስለሌለ አጥማጆች ተጣጣፊ ድንኳን ይተክላሉ። ድንኳኑ አራት ግድግዳና አንድ ጣራ አለው። በእያንዳንዱ ገጽ መካከል እንደ ጎማ እምብርት ያለ ማያያዣ ይገኛል፤ ከእርሱም አራት ዘንጎች ወደ አራቱ ማዕዘን ይዘረጋሉ፤ በጠቅላላው 20 ዘንጎች ናቸው። እምብርቱ ወደ ውጭ ሲሳብ ዘንጎቹ በጥቂቱ ይለምጡና ሸራውን ይወጥራሉ። እንግዲህ ዘንጉ እንደ ምሰሶ የሚሸከም ብቻ ሳይሆን እንደ ደጋን የሚገፋ ነው።

በአንድ ጥር ወር ጎረቤቴ የሆኑ አዛውንት ድንኳናቸውን ሊያጥፉ አውታሩን እንደ ፈቱ ብርቱ ነፋስ መጣና አንዱን ዘንግ ሰበረው። ዘንጉ የመስታወት ክር በሙጫ ተጣብቆ የተሠራ ስለሆነ እንደ እንጨት አልተቀነጠሰም፤ እንደ መርፌ በቀጠኑ ስንጥሮች ወደ ርዝመቱ ተሰነጠቀ። ያለ ጓንት የሚነካውን ሰው እጅ ይወጋል። በቦታው የአሉሚኒየም ቱቦ በስብራቱ ላይ አልብሰን፣ ሁለቱን ጫፎች በሚጠበቅ የብረት ቀለበት አሰርነው።

ልጆቻቸው ግን ድንኳኑ አርጅቷልና ይጣል፣ አዲስ እንገዛለን አሏቸው። አዛውንቱም ወደ እኔ መጥተው፣ «ባለቤቴ በሕይወት ሳለች የምትቀመጥበት ወንበር ዛሬም በውስጡ አለ። በአዲሱ ድንኳን ውስጥ ግን የምቀመጠው ብቻዬን ነው» አሉኝ። ከዚህ በኋላ ነገሩ የዘንግ ዋጋ ጉዳይ እንዳልሆነ ገባኝ።

ቱቦው ለዚያች ቀን በቂ ነበር፤ ለዘለቄታው ግን አይሆንም። የታሰረው ስፍራ ስለማይለምጥ ጭንቀቱ ወደ ቱቦው ጫፎች ይሸሻል፤ ሁለተኛው ስብራትም በዚያው አጠገብ ይመጣል። ስለዚህ አዲስ ዘንግ አሰናዳን። ውፍረቱን በካሊፐር፣ ርዝመቱንም በዚያው ግድግዳ ካለው እኅት ዘንግ ለካን። የሚቆረጠውን ስፍራ በፕላስተር ጠቅልለን፣ ብናኙ ለሳንባ ጎጂ ነውና አፍንጫችንን ሸፍነን፣ በደቃቅ ጥርስ መጋዝ ቆረጥነው። የቀድሞውን የጫፍ ቆብ በሙጫ አጣብቀን ከእምብርቱ ጋር አያያዝነው። ዘንጉ ቢያጥር ሸራው ላልቶ በነፋስ እየተማታ ይቀደዳል፤ ቢረዝምም ከመጠን በላይ ለምጦ ይሰበራል። ልኩ አንድ ብቻ ነው።

ብዙ ሰው አንዱ ሲሰበር የዐሥራ ዘጠኙን ደኅንነት ይረሳል። አሮጌ ነገር ሁሉ ይጠበቅ ማለቴ አይደለም፤ ሸራው የበሰበሰ ድንኳን ሰውን ለብርድ አሳልፎ ይሰጣል። ነገር ግን ከመጣል በፊት የተሰበረው ምን እንደ ሆነ፣ የቀረውም ምን ያህል እንደ ሆነ መመርመር ይገባል።

አዛውንቱ በሳምንቱ የበረዶውን ውፍረት ለክተው ድንኳኑን ተከሉ። አራቱንም አውታሮች በካስማ አጠበቁ፤ ሁለቱንም ወንበሮች አስገቡ።